ልብስ ጠባቂዎች አንሁን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር፣ ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን ሳውል በሚባል ጎልማሳ እግር አጠገብ እንዳኖሩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ተጽፏል። ሳውል ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ የሚል ቃል በዚያ አናገኝም። ቆሞ ልብስ ጠበቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ተብሎ በኢየሩሳሌም ሕዝብ ፊት ሲናገር ያን ቀን አልዘነጋውም፤ በእስጢፋኖስ ደም መፍሰስ ተስማምቶ የገዳዮቹን ልብስ ይጠብቅ እንደ ነበር በራሱ አንደበት መስክሯል (ሐዋ. 22፥20)። እጁ ድንጋይ አልያዘም፤ ኅሊናው ግን ከወጋሪዎቹ ጋር ቆጠረው።

ይህን ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። ልብስ ጠባቂ ማለት ማን እንደ ሆነ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት በወርኃ ጥቅምት፣ በምኖርበት በሜሪላንድ ስቴት ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነው። መዝሙር ቶሎ ይይዛል፤ ጥያቄ ስጠይቅ እጁን የሚያነሣው ከሁሉ ቀድሞ ነው። ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ገብቶ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ነበር። አንድ እሑድ አንገቱን ባየው ባዶ ነው። «ማዕተብህ የት አለ?» ብዬ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠየቅሁት። አቀረቀረ። እኔም ስለ ማዕተባቸው አንገታቸውን ለሰይፍ ስለ ሰጡ አባቶችና እናቶች ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠሁ። ልጁ ቀና ሳይል ጨረስሁ። ጥሩ ያስተማርሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በቀጣዩ እሑድ ልጁ አልመጣም። በሌላውም አልመጣም።

በሦስተኛው እሑድ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ አንዲት የክፍሉ ተማሪ ወደ እኔ ቀረበች። «መምህር፣ እርሱ ማዕተቡን አልጣለውም። በእርሳስ መያዣው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው» አለችኝ። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡ ሦስት ተለቅ ያሉ ልጆች ማዕተቡን ከኋላው እየጎተቱ የውሻ ማሰሪያ ነው ይሉታል። ምሳውን ሲከፍት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይህ ከትምህርት መክፈቻ ጀምሮ በየዕለቱ የሚሆን ነገር ነው። እንባዋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነበር። «እኔም እዚያው ነበርሁ። እነርሱ ሲስቁ ሳቅሁ። የእኔንም ማዕተብ እንዳያዩብኝ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘጋሁት።»

ምን ልበላት? እርስዋ በፍርሃት ልብስዋን ጠበቀች። እኔ ግን መምህር ተብዬ፣ የተወገረውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አቁሜ ሌላ ድንጋይ ጨመርሁበት።

በዚያው ሳምንት ወደ ወላጆቹ ቤት ሄድሁ። አባቱ በሁለት ሥራ የሚደክም ሰው ነው። ነገሩን በሰማ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ነገር ግን ወዲያው «መምህር፣ እኛ በሰው አገር ነን። ብንከስ ለልጁ ይብስበታል። ደግሞ ጌታችን ሌላውን ጉንጭ ስለ መስጠት ያስተማረው ለዚህ ጊዜ አይደለምን?» አለኝ። እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ አንድ ነገር ተናገረች። ረቡዕና ዓርብ የምታስይዘው የጾም ምሳ ሳይነካ ይመለስ ነበር። «ልጄ ሳላዝዘው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የጀመረ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር» አለች። ልጁ ግን የሚራበው ዕቃውን ለመክፈት ስለሚፈራ ነበር።

የአባቱ ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ በብዙዎቻችን ቤት የሚነሣ ጥያቄ ነውና። ጌታችን ሌላውን ጉንጭ ስጥ ብሎ ሲያስተምር የተመታው ሰው በቀልን እንዲተው ነው። የሌላው ሰው፣ ይልቁንም የሕፃን ልጅ ጉንጭ ሲመታ ቆመን እንድናይ ፈቃድ አልሰጠንም። እርሱ ራሱም በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ በመታው ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደሚመታው ጠየቀው (ዮሐ. 18፥23)። ትዕግሥቱ ግፉን ትክክል ነው ብሎ መቀበል አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ የሮም ዜግነቱን አንሥቶ በሕግ ተከራከረ (ሐዋ. 22፥25)። በሕግ መጠየቅ እምነት ማጣት ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ባላደረገው ነበር።

በእንግሊዝኛ «ቡሊይንግ» የሚሉትን ይህን ግፍ በስፋት በማጥናት የታወቀው ዳን ኦልቬውስ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ በአድራጊውና በተደራጊው መካከል የኃይል ልዩነት መኖሩ። በሁለት እኩዮች መካከል የሚነሣ ጠብ ከዚህ ይለያል። እኩዮች ቢጣሉ ታረቁ እንላቸዋለን፤ ሦስቱ በአንዱ ላይ በየቀኑ ሲነሡ ግን ተበዳዩን ታረቅ ማለት ብቻውን ሸክሙን ማክበድ ነው።

በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ የትምህርት አስተዳደሮች በተማሪዎች ላይ የሚደርስ ማስፈራራትና ማንገላታት መዝግበው እንዲያሳውቁ ያዝዛል። ለዚህም የተዘጋጀ የማመልከቻ ቅጽ አለ። ቅጹን ተማሪው ራሱ፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን የደረሰ የቅርብ ዘመድ መሙላት ይችላል። ስለዚህ አጎትና አክስት፣ አያትም «እኔ ምን አገባኝ» ሊሉ አይችሉም። በሃይማኖት፣ በዘርና በትውልድ አገር፣ በአካል ሁኔታ፣ በድህነት ምክንያት የሚደርስ ማንገላታት ሁሉ በሕጉ ተጠቅሷል፤ በስልክና በኮምፒውተር የሚደረገውም እንዲሁ። ባመለከተ ሰው ላይ መበቀልም የተከለከለ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ወላጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያነጋግራቸው የመጠየቅ መብት አላቸው። ልጅን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም፤ አይገባምም።

አባትየው በመጨረሻ ብዕር አነሣ። የደረሰውን በቀን፣ በቦታ፣ በተነገረው ቃልና ባዩት ሰዎች ለይቶ ጻፈ። የጻፈውንም ግልባጭ ለራሱ አስቀረ። «ልጄን ያስቸግሩታል» ብሎ በቃል ብቻ መናገር በቀላሉ ይረሳል፤ ቀንና ቦታ ያለው ጽሑፍ ግን መልስ ይጠይቃል። ርእሰ መምህሩ ልጆቹን ለየብቻ አነጋገሩ፤ የሦስቱ ልጆች ወላጆች ተጠሩ፤ የአውቶቡሱ መቀመጫ ተለወጠ። ነገሩ ግን በአንድ ቀን አላለቀም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፌዙ በስልክ መልእክት ተመልሶ መጣ። አባትየው የመልእክቱን ምስል አስቀምጦ ሁለተኛ ቅጽ ሞላ። ከዚያ በኋላ ነው ጸጥታ የሆነው።

ልጁ በተመለሰበት እሑድ በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በአደባባይ ያቆሰልሁትን በጓዳ ልክሰው አልቻልሁም። «ምንም አይደለም መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ። አንገቱ ገና ባዶ ነበር። ስለ ማዕተቡ አልጠየቅሁትም።

እዚህ ላይ ለራሳችን ቤትም አንድ ቃል ልናገር። ልጆቻችን ሁልጊዜ ተበዳዮች ብቻ ይመስሉናል። በዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አማርኛው የተኮላተፈበትን እዚህ የተወለደ ልጅ የሚስቁበት አሉ፤ ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጣውን ደግሞ በእንግሊዝኛውና በጫማው የሚስቁበት አሉ። እንደ ቀልድ እናልፈዋለን። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የለመደ ሳቅ በአውቶቡስ ውስጥ አይገታም። ከትምህርት ቤት «ልጅዎ ሌላ ልጅ አንገላቷል» የሚል ስልክ ቢደወልልን አስቀድመን «የእኔ ልጅ አያደርገውም» አንበል፤ አስቀድመን እንስማ። የበደለውም ልጅ ነፍስ አለው፤ ንስሓ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

ጥቅምት 17 ቀን የቅዱስ እስጢፋኖስን በዓለ ሢመት እናከብራለን። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ኦክቶበር ይህን ግፍ የመከላከያ ወር ሆኖ ይታሰባል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን መዋላቸው ለእኔ ማሳሰቢያ ሆኖኛል። ልብስ ጠባቂ የነበረው ሳውል በኋለኛው ዘመን ራሱ በተራው ሊገደል ነበር። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል አንበላም አንጠጣም ብለው ተማማሉ። ያዳነው ማን ነው? የእኅቱ ልጅ ነው። ብላቴናው ሴራውን ሰማ፤ ዝም አላለም፤ ወደ ወታደሮቹ ሰፈር ገብቶ ተናገረ። የሻለቃውም ሥራ ልብ ሊባል ይገባል። ብላቴናውን እጁን ይዞ ወደ ብቻው ፈቀቅ አደረገው፣ የሚለውን ጠየቀው፣ ሰማው፣ መናገሩንም ለማንም እንዳይገልጥ አስጠነቀቀው፣ በዚያችው ሌሊትም ጳውሎስን ለማትረፍ ተነሣ (ሐዋ. 23፥12-24)። ይህን ምዕራፍ ቀደም ብዬ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ልጅ በክፍሉ ፊት ባላቆምሁት፣ እጁን ይዤ ፈቀቅ ባደረግሁት ነበር።

እናንት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ለጓደኛ መናገር ማሳበቅ አይደለም። የሚያሳብቅ ሰው ሌላውን ለማስቀጣት ይናገራል፤ የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ግን ለማዳን ተናገረ። ከሦስት ጎልማሶች ጋር መታገል ካልቻላችሁ አትታገሉ፤ ከተበዳዩ አጠገብ መቀመጥ ግን ትችላላችሁ። የምታምኑትን ታላቅ ፈልጋችሁ ንገሩ፤ የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ወላጆችም ማታ ማታ «ዛሬ ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥህ? ምሳህን በላህ?» እንበል።

በዚያው ክረምት የልጁ እናት ከቅዳሴ በኋላ አስቁማ አንድ ነገር ነገረችኝ። ያቺ ልጅ አንድ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ገብታ፣ የጃኬትዋን ዚፕ ከአገጭዋ ወደ ታች ከፍታ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። ልጁ ቤት ሲመለስ ምሳው ተበልቶ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።