የአያቴ የተበሳ ጆሮ

አያቴ ቀኝ ጆሯቸው የተበሳ ነበር፤ ሎቲ ግን አልነበረበትም። በድሮው ወግ ዝሆን የጣለ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ይፎክራል፣ ጆሮውን ተበስቶ ወርቅ ያንጠለጥላል። የእሳቸው ወርቅ የት ገባ? እናቴ ለባቡር መሳፈሪያ ሸጡት ትላለች። አክስቴ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈራችንን ሲያጥለቀልቅ ከነሣጥኑ ሄደ ባይ ናት። ከጎርፉ ብዙ ዓመት አስቀድሞ የተነሱት ፎቶ ላይ ግን ጆሯቸው ባዶ ነው።

የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር፣ አብረዋቸው ያደኑ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ አያትህ አልሸጠውም፤ መለሰው እንጂ» አሉኝ። «በእኛ ሕግ ግዳዩ ቀድሞ ላደማው ነው። ኋላ የተኮሰው ቢጥለውም የእሱ አይባልም። ኤረር ሸለቆ የወረድን ቀን ዝሆኑን ቀድሞ ያደማው አንድ ልጅ ነበር፤ ታላላቆቹን ፈርቶ ዝም አለ። አያትህ ይህን የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። ሽማግሌ ሰብስቦ ወርቁን ከጆሮው አወለቀና ለልጁ ሰጠ።»

ኮራሁባቸው፤ አልደብቅም። ግን ያ ሕግ ክብሩን እንዲህ በጥንቃቄ ሲያካፍል፣ ስንት ዝሆን እንደቀረ የሚቆጥርበት አንቀጽ አልነበረውም። የዝሆን አደን በጽሑፍ ሕግ የተገደበው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኤረርንና የጎበሌን ሸለቆዎች ጨምሮ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል።

ወደ ባቢሌ ወረድኩ። ዝሆን አላየሁም። ያየሁት የተሰባበረ በለስ ቁልቋልና ፋንድያ ነው፤ ዝሆኖቹ በለሱን አጥብቀው ይወዱታል። መንጋው ከኦሞም ከጋምቤላም ዝሆኖች የተቆራረጠ ነው፤ እርሻና ሰፈራ እንደ ባሕር ከቦት በደሴት ላይ ይኖራል። የጥርስ አዳኞችና ከሰል አክሳዮች ደሴቱንም እየሸረሸሩት ነው። አያቴ ዛሬ ቢኖሩ ከወርቁ ይልቅ ይህ ያሳስባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የዚያ ልጅ ቤተሰብ ጉርሱም አካባቢ እንደሚኖር ሽማግሌው ነግረውኛል። ስሄድ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ ሎቲው አይደለም፤ ዝሆኑ የወደቀበትን ቦታ እንዲያሳዩኝ ነው። ዛሬ መንጋው በዚያ ያልፍ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።