የባልና የሚስት ዕረፍት

ሰው ለሥራው ያቅዳል፤ ለሠርጉ ያቅዳል፤ ለቀብሩ እንኳ ዕድር ገብቶ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለዕረፍቱ የሚያቅድ ግን ጥቂት ነው። ዕረፍት ሥራ ሲያልቅ በራሱ የሚመጣ ይመስለናል፤ ሥራ ግን አያልቅም። ስለዚህ የዕረፍቱን ቀን ቆርጦ፥ ገንዘቡን ወስኖ ያላዘጋጀ ሰው ወይ ሳያርፍ ይከርማል፥ ወይም በብድር ዐርፎ በዕዳ ይደክማል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በቦሌ በኩል በገርጂ ነው። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን። ጧት በየታክሲያችን እንለያያለን፤ ማታ ደክሞን እንገናኛለን። አንድ ማታ ባለቤቴ፥ «በዚህ ዓመት አብረን የበላነውን አስታውሳለሁ፤ አብረን የተጫወትነውን ግን አላስታውስም» አለችኝ። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። የሚቆጣ ሰው ገና ተስፋ ያለው ነውና።

በዚያው ሰሞን በውጭ አገር የሚኖር ወዳጃችን፥ በተራራ ላይ ካለ ሆቴል ከሚስቱ ጋር ጎልፍ ሲጫወት የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከልን። ዕቁባችን ደርሶን ነበርና «እኛስ እንዲህ ያለ ቦታ ብንሄድ?» ተባባልን። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ብናሰፍረው የሦስት ቀን ደስታ የአምስት ወር የቤት ኪራይ ሆነ።

ጎልፍ በስኮትላንድ አገር ያደገ ጨዋታ ነው። ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ተራ በተራ ወደ 18 ጉድጓዶች ማስገባት ነው። አባቶቻችንም በገና በዓል በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመቱ ኖረዋልና ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም። የጎልፍን ዋጋ የሚያስወድደው ሜዳው ነው፤ ያን ያህል ሰፊ ሣር ሁልጊዜ ማጠጣትና ማጨድ ብዙ ገንዘብ ይፈጃልና። ከአጨዋወቱ ዐይነቶች አንዱ ግን ለትዳር የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ባልደረቦች አንድ ኳስ ብቻ ይዘው በየተራ ይመታሉ። አንዱ ኳሱን ከቁጥቋጦ ውስጥ ቢጥለው፥ ባልደረባው እዚያው ካለበት ይመታዋል እንጂ «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ ወደ ኋላ አይመልሰውም።

ይህን ስነግራት ባለቤቴ ሣቀችና «እንግዲያስ ሜዳውን ትተን ሕጉን እንውሰድ» አለች። ዕቅዱንም በየተራ ጻፍነው። እርስዋ እንጦጦን መረጠች። እኔ ክረምቱ ያለፈበትን፥ ሰማዩ የጠራበትን የጥቅምትን ወር መረጥሁ፤ ሕዝብ እንዳይበዛብንም ከሥራ ቀን ሁለቱን ፈቃድ ጠየቅን። እርስዋ ወጪው ከዕቁቡ ዐሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ ወሰነች። እኔ ከተራራው ላይ በሆቴል እንደር ብዬ ጻፍሁ። አልሰረዘችውም፤ ከሥሩ ግን «ጋቢ፥ ቆሎ፥ ዳቦ፥ ቡና በፔርሙዝ፤ ማታ ወደ ቤት፤ በማግሥቱ በየካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ማየት» ብላ ጨመረችበት። ሆቴሉ በዚያው ቀረ፤ አልተጣላንበትም።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ፈጥኖ የሚወጣ ሰው ቶሎ ይደክማል። እኛም በመገናኛና በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳ ደርሰን፥ በባሕር ዛፉ መካከል ቀስ እያልን ወጣን። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ውስጥ ስንዘዋወር ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ትዝ አሉኝ። ቤተ መንግሥታቸው በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ነገር ግን ብርዱ ጸንቶ እንጨቱም ቢያንስ፥ ወደ ፍል ውሃው መውረድ ለመዱ፤ እቴጌም በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። እነርሱ ዕረፍት ፍለጋ ከተራራው ወረዱ፤ እኛ የከተማቸው ልጆች ዕረፍት ፍለጋ ወደ ተራራው እንወጣለን። ስለዚህ ዕረፍት ከላይም ከታችም ብቻውን እንደማይገኝ ተረዳሁ።

የመጀመሪያውን ሰዓት ብዙ አልተነጋገርንም። ቡናውን ከቀዳን በኋላ ባለቤቴ፥ ከሁለት ወር በፊት በሐዋሳ ከተማ የተሻለ ሥራ እንደ ተሰጣት ነገረችኝ። የምትነግረኝ ጊዜ አጥታ በልብዋ ይዛው ከርማለች፤ መልስ የምትሰጥበትም ቀን ደርሶ ነበር። እሄዳለሁ ወይም አልሄድም አላለችም፤ ያሰበችውን ሁሉ ነግራኝ ዝም አለች። ኳሱ ከአስቸጋሪ ቦታ ወድቆ ነበር፤ ተራውም የእኔ ነበር። እኔም «ለምን እስከ ዛሬ?» ማለቱን ትቼ «ደመወዙ ስንት ነው? ቤትስ እንዴት ይገኛል?» ብዬ ከዚያው ጀመርሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ይህንኑ ተነጋገርን። ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ነገር ግን የሁለታችን ሆነ።

አንተ ወጣት አንባቢ፥ አንቺም እኅቴ፥ ነገ ትዳር ስትይዙ ከገቢያችሁ ላይ ጥቂት ቀንና ጥቂት ገንዘብ ለዕረፍት ለዩ። ሩቅ አገር ባትደርሱ አትዘኑ። ዋናው ነገር ከቤት ስትወጡ ዕዳን ይዛችሁ አለመመለሳችሁ፥ በመንገድም ላይ አንዱ የጣለውን ሌላው ሳያማርር ማንሣቱ ነው።