ብርሃንም ሲበዛ ያቃጥላል! (ከዱባይ የመብራት ገበያ)

መቼም ዱባይ ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ሰማይ ጠቀስ ፎቁና ወርቁ ነው። እውነት አላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ መብራት ነው። አዎ፣ ስለ መብራት! ያውም ለሰው ሳይሆን ለባህር ፍጥረት ስለሚበራ መብራት። «ሥራ ፈታለች እንዴ?» እንዳትሉኝ። ሥራዬን ላጣ የነበረው በእሱ ሰበብ ነውና እስቲ ስሙኝ።

የምሠራው ዴራ በሚባለው የከተማው አሮጌ ሰፈር፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጽዳቱም፣ ሻይ ማፍላቱም፣ ተላላኪነቱም የእኔ ነው። ታካሚዎች ወረፋ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ውሃው ጨዋማ ነው። ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎችና ድንጋይ ላይ የተተከሉ ኮራሎች ይኖሩበታል። ኮራል ድንጋይ ወይም አበባ እንዳይመስላችሁ፤ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ስለዚህ ብርሃን ለኮራል ጌጥ አይደለም፤ እንጀራው ነው።

ገንዳውን ያቋቋሙት የዶክተሯ ባል ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ዶክተሯ ጠዋት ሲገቡ ለእኛ «እንዴት አደራችሁ» ከማለታቸው በፊት ገንዳው ፊት ይቆማሉ። በተለይ ጫፉ መዶሻ የሚመስለውን አረንጓዴ ኮራል ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ባለቤታቸው ሲገዙት ጥፍር የምታክል ነበረች ይላሉ።

ታዲያላችሁ መብራቱ አረጀና ግማሹ አልበራ አለ። ኮራሎቹ መጀመሪያ ቡናማ ሆኑ፤ ቀጥሎ ብርሃን ፍለጋ አንገታቸውን ወደ ላይ ይመዙ ጀመር። ገንዳውን የሚጠግነው ሰው ለአዲስ መብራት 1 ሺህ 600 ድርሃም ጠየቀ። ዶክተሯ 400 ድርሃም ቆጥረው ሰጡኝና «አንቺ መከራከር ታውቂበታለሽ፣ ፈልጊልኝ። ግን አማና! የእሱ እጅ ያለበት የቀረኝ ይሄ ነው» አሉኝ። አማና ማለት በእኛው አደራ ማለት ነው። አደራ ደግሞ ከ400 ድርሃም ይከብዳል።

እሁድ ጠዋት ከዴራ በሜትሮ ቀዩን መስመር ይዤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሴንተርፖይንት ሄድኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ድራጎን ማርት። ይህ በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የቻይና ዕቃ ገበያ ነው። እንደ ስሙ በዘንዶ ቅርጽ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። መርካቶን ጣሪያ አልብሳችሁ፣ ቀዝቃዛ አየር ለቃችሁበት አስቡት። ከበሩ ሶፋ፣ ቀጥሎ የበር እጀታ፣ ቀጥሎ ሰው ሠራሽ ሣር፣ እያለ ይቀጥላል። መብራት ከሚሸጡት ሱቆች ስደርስማ ዓይኔ ጠፋ። የኤል ኢ ዲው ብዛት! ወተት የመሰለ ነጭ የሚያበራውን አንዱን በ120 ድርሃም ልገዛው እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ «እስቲ መጀመሪያ ዓሣ የሚሸጡትን ልጠይቅ» ብዬ አለፍኩ። ያዳነኝ ይሄ ነው።

የዓሣ ሱቅ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ፊሊፒኖ አገኘሁ። «ይሄ መብራት ስንት ዋት ነው?» አልኩት እንደሚያውቅ ሰው።

ሳቀ። «እህቴ፣ ዋት ቆጣሪው የሚበላው ነው። ኮራሉ የሚበላውን ጠይቂኝ።»

ከዚያ አስረዳኝ። ፓር የሚባል መለኪያ አለ፤ ኮራሉ ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚነግር። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ቢደርሳቸው ይኖራሉ። እንደ ዶክተሯ ያለው መዶሻ ኮራል ከ80 እስከ 150 ይበቃዋል። 200 እና 300 የሚጠይቁት ቅርንጫፍ እያወጡ የሚያድጉት ጠንካሮቹ ናቸው። «እነሱ ከሌሉሽ ለእነሱ የሚሆን መብራት አትግዢ። ያልወለድሽውን ልጅ ምን አስቀለበሽ?» አለኝ። ውድና ርካሽ የሚለየው አንዱ ይሄው ነው፤ የገንዳችሁን ነዋሪ ካወቃችሁ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል።

ስለ ቀለሙም ነገረኝ። ባህር ውስጥ ሲጠለቅ ቀዩ ብርሃን ከላይ ከላዩ ይጠፋል፤ ወደ ታች የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ኮራል የለመደውም እሱን ነው። ስለዚህ የኮራል መብራት ከ420 እስከ 470 ናኖ ሜትር ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ ሊበዛበት ይገባል። ነጩ ለእኛ ዓይን ማማሪያ ነው። ያ የ120 ድርሃሙ ወተት የመሰለ መብራት ለሳሎን እንጂ ለኮራል አልነበረም ማለት ነው!

በመጨረሻ አንድ ጥቁር ሳጥን አወጣ። ስም የሌለው፣ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚቀነስና የሚጨመር። 380 አለኝ፤ ተከራክሬ በ310 ዘጋን። በተረፈው ማንጠልጠያ ሽቦና ሰዓት ቆጣሪ ገዛሁ። ስወጣ «ቀስ ብለሽ ጀምሪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ልቤ ያተረፍኩት 70 ድርሃም ላይ ነበር።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰቅዬ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ክሊኒኩ በራ! ታካሚው ሁሉ አጨበጨበልኝ ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ግን መዶሻው ጭብጥ ብሎ ዋለ። በአምስተኛው ቀን አንድ ጎኑ ነጣ። ዶክተሯ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ለፊሊፒኖው ደወልኩ። «ጨለማ የለመደውን ፀሐይ ላይ አስጥተሽው ነው። አልጌዎቹ እየወጡለት ነው» አለኝ። ሰማያዊውን ወደ 25፣ ነጩን ወደ 10 ከመቶ አወረድኩ። በቀን 8 ሰዓት ብቻ። በየሳምንቱ 5 ከመቶ ብቻ መጨመር። እንደ መድኃኒት በወረቀት እየጻፍኩ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። የነጣው ጎን አንዱ ራስ ሞተ፤ አልዋሻችሁም። የቀሩት ግን ተከፈቱ፤ አረንጓዴያቸውም ተመለሰ። አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ገንዳው ፊት ቆመው ቆዩና «እንዴት አደርሽ?» አሉኝ። ከዓሣዎቹ በፊት ለእኔ!

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ገንዳ ላላችሁ ወይም ለመያዝ ለምታስቡ፣ በእኔ የደረሰው አይድረስባችሁ። ርካሽ መብራት ስትገዙ፦

አንደኛ፣ መቀነስና መጨመር የማይቻል ከሆነ በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ጀርባውን እዩ። ሙቀት የሚያወጣ ወፍራም ብረት ወይም ማራገቢያ ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስበርታችሁ በእጃችሁ ንኩት።

ሦስተኛ፣ የገንዳውን ርዝመት ለክታችሁ ሂዱ። መሐሉ ቀልጦ ዳሩ እንዳይጨልም መብራቱን ከውሃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

አራተኛ፣ ጨውና ኤሌክትሪክ ጠላት ናቸው። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይታጠፍ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ እዚያው ይወድቃል።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ደግሞ ከዚህ ስትመጡ «ለአገር ቤት ስጦታ» ብላችሁ ኮራል ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ! ጠንካራዎቹ ኮራሎች ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው። ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ የመጀመሪያው ወር ላይ፣ በዚህ ከተማ ብርሃን ፈዝዤ ሁለት ሥራ በአንዴ ይዤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አልጋ ያዝኩ። ያኔ የሚመክረኝ ቢኖር ኖሮ የሚለኝ ፊሊፒኖው ያለውን ነበር። አዲስ አገር፣ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ፍቅርም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ኮራል ባያውቁም ነገሩን አውቀውታል።