ስለ አንዲት ሰንጢ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሰንጢ ሲጽፍ፣ አንባቢው ገና ርእሱን እንዳየ «ይኸ ልጅ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላ?» ማለቱ አይቀርም። ከማንም አልተጣላሁም። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ፤ የምከራከረው ከደራስያን ጋር ብቻ ነው፤ ከእነርሱም የሚበዙት በሕይወት የሉም። ዳሩ ግን በዚህ ዓመት አንዲት ደኅና ሰንጢ ለመግዛት ተነሣሁና ነገሩን ካሰብኩት በላይ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህም የደረስኩበትን ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች ባካፍል መልካም መሰለኝ።

የተወለድኩት አጋሮ አካባቢ ነው፤ ከጅማ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱ በነበረው በጎማ ምድር። አባቴ ቡና አምራች ናቸው። የመጨረሻውን ዓመት ትምህርቴን ስጀምር ከቡናው ሽያጭ ከፍለው ገንዘብ ሰጡኝና «ልብስ ያልቃል፤ ዕድሜ ያለው ነገር ግዛበት» አሉኝ። እኔም ሰንጢ አልኩ። በእኛ አገር ሰው ኪሱ ባዶ ነው የሚባለው ገንዘብ ሲያጣ ብቻ አይደለም፤ የጆንያ ገመድ የሚቆርጥበት፣ ሸንኮራ የሚልጥበት፣ ቀፎ የሚታሰርበትን ሐረግ የሚያስተካክልበት ስለት ሲያጣም ነው። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ እኔን ግን ያስገዛኝ ደግ ጎረቤት ነው። ሰንጢያቸውን በጠየቅናቸው ቁጥር ሳቅ ብለው ስለሚሰጡን፣ መዋሱ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። ሰንጢ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይመለከታል፤ ብረቱን፣ አቆላለፉንና ዋጋውን። በዓለም ላይ ስማቸው ከሚነሣው ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያይቱ የፈረንሳይዋ ኦፒኔል ናት። ጆዜፍ ኦፒኔል የተባለው ሰው በሳቯ ተራራማ አገር በ1890 እ.ኤ.አ. ሠራት፤ እጀታዋ እንጨት፣ ስለቷ ቀጭን፣ ዋጋዋም ለገበሬ የሚቀመስ ነው። ስለቷ በድንገት ታጥፎ ጣት እንዳይቆርጥ የሚይዘው የሚሽከረከር ቀለበት የተጨመረላት በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ከተለመደው የካርቦን ብረት የተሠራችው ኦፒኔል በቀላሉ ትሳላለች፤ ነገር ግን ብርቱካን በቆረጠች ቁጥር ትጠቁራለች፤ በዓመት እስከ 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት በጅማ አገር ደግሞ ሳይወለውሉ ያሳደሯት እንደሆነ ትዝጋለች። እንጨቱም እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቷን አላወጣም ይላል። ከማይዝግ ብረት የተሠራችም አለች፤ እንጨቱ ግን ያው እንጨት ነው።

ሁለተኛይቱ የስዊስ ሰንጢ ናት። ካርል ኤልዘነር በ1884 እ.ኤ.አ. ስለት መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ አቀረበ፤ ዛሬ ሁላችንም የምናውቃትን ቀይ እጀታ ያላትን የመኮንኖች ሰንጢ ደግሞ በ1897 አስመዘገበ። ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም የእናቱን የቪክቶሪያን ስምና የማይዝግ ብረትን የፈረንሳይኛ መጠሪያ አጋጥሞ የተሠራ ነው። ብረቷ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ነው፤ ቶሎ ይደንዛል፤ ቶሎም ይሳላል። የተለመዱት ትናንሾቹ ቁልፍ የላቸውም፤ ስለቱን የሚይዘው በጀርባዋ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሠራባት ሰው መግፋት የሌለበትን አቅጣጫ ማወቅ አለበት።

ሦስተኛይቱ የሀብታሞቹ ናት፤ ሆኖም ትውልዷ ከአፍሪካ ነው። ክሪስ ሪቭ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በ1987 እ.ኤ.አ. ሠራትና ሰበንዛ አላት፤ ትርጉሙ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። በኋላ ሰውየው ወደ አሜሪካ ሄዶ ኢንዱስትሪውን እዚያ አቋቋመ። እጀታዋ ታይታኒየም ነው፤ የእጀታው አንዱ ጎን ራሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለቱን እንደ መቀርቀሪያ ይይዘዋል። ሥራዋ እጅግ ያማረ ነው፤ ይኸን መካድ አይገባም። ዋጋዋ ግን ከ400 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው፤ በእኛ ገንዘብ ከ50 ሺህ ብር ያልፋል። ስሟ ሥራ የሆነውን ሰንጢ ለመግዛት አባቴ ስንት ወቅት መሥራት እንዳለባቸው ሳሰላ ሒሳቡን ሳልጨርስ ተውኩት።

ከዋጋው ሌላም ምክንያት አለ። ለእንዲህ ያሉት ውድ ሰንጢዎች ብረት ቫናዲየም ይጨመርበታል፤ ስለቱም ለብዙ ጊዜ ሳይደነዝ ይቆያል። ነገር ግን በብረቱ ውስጥ የሚገኙት የቫናዲየም ቅንጣቶች ከተራው የመሳያ ድንጋይ ይልቅ ጠንካሮች ስለሆኑ፣ የደነዘዘ ዕለት የወንዝ ድንጋይ በደንብ አይነካውም፤ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠ መሞረጃ ይሻል። አጋሮ ያለው ደግሞ የወንዝ ድንጋይ ነው። በአገራችሁ ድንጋይ የማይሳል ስለት ምን ጊዜም እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ተምሮ መጥቶ አገሩ ሊያሠራው ያልቻለውን ሊቅ ይመስላል ብል የሚቀየመኝ ይኖር ይሆን?

አሁን ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። ከከባድ መኪና ባሌስትራ ስለት የሚያወጣ ቀጥቃጭ በአገራችን ገበያዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ባሌስትራ የተናቀ ብረት እንዳይመስላችሁ፤ መቶ ሜዳ ጉድጓድ ሲመታው እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ ነው። በደንብ አግሎ፣ ነክሮ፣ ከዚያም በለዘብተኛ እሳት ያለዘበው እጅ ካገኘ ጥሩ ስለት ይወጣዋል። ይኸን የሚያውቀውን ሰው ግን አያቶቻችን ከማዕድ ያገልሉት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል በአንዳንዱ አፍ ስድብ ነው። የስዊሱ ቀጥቃጭ ስም በዓለም ሁሉ ኪስ ውስጥ ሲገኝ፣ የእኛው ባለሙያ በሥራው ላይ ስሙን አይቀርጽም፤ ማንስ ቅረጽ ብሎት ያውቃል?

ምርጫዬን የለወጠው ግን ዋጋም ብረትም አይደለም፤ ቡናው ነው። ባለፈው ክረምት ከማሳችን ሰባት እግር ቡና ደረቀ። ቅጠሉ ከአንድ ወገን ይጠወልጋል፤ ከዚያ ዛፉ በሙሉ ይሞታል። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ወደ ግንዱ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ቁስሉን የሚያደርሰው ማን ነው? በአብዛኛው የኛው ገጀራና የኛው ስለት። ከታመመው ዛፍ ወደ ደኅናው የሚያሻግረውም ያው ስለት ነው። የታመመ ቡና መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው። ስለዚህም ባለሙያዎቹ መሣሪያችሁን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱ በእሳት ወይም በአልኮል አጽዱ ይላሉ። እሳቱ ለገጀራ ይሆናል፤ ቀጭን ስለት ግን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደጋግሞ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል። የሚታጠፍ ሰንጢ ደግሞ በማጠፊያው ጉድጓድ ውስጥ ጭማቂና አፈር ይዞ ይውላል፤ ያንን በቀላሉ የሚያጸዳ ጨርቅ የለም።

እነሆ፣ ሰንጢን ሰንጢ የሚያሰኘው በጎ ጠባይዋ ከባለቤቷ ጋር ሁሉ ቦታ መሄዷ ነው፤ ለቡና ግን ጠላት የሚሆነው ይኸው ጠባይ ነው። ሁሉ ቦታ የምትሄድ ስለት ከሁሉ ቦታ ይዛ ትመጣለች። የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ አንድ ዲግሪ የሚፈጀውን ያህል ማለት ነው። ሰባት እግር ቡና ሲደርቅ ሰባት ተማሪ በመጨረሻው ዓመት እንደ ተባረረ ቁጠሩት።

ሁሉ ቦታ ስል ደግሞ የግቢያችን በር ትዝ ይለኛል። ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ክልከላውንም አልቃወምም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት መጥፋቱን ሁላችንም እናውቃለን። ፈታሹ ኪሴን ሲዳብስ የሚፈልገው ብርቱካን መላጫዬን አይደለም፤ ያንን ዓመት ነው። ስለዚህ ሰንጢዬ በትምህርት ወራት ጅማ ከተማ በአክስቴ ቤት ትቀመጣለች፤ ከኪሴ የምትገባው በዕረፍት ብቻ ነው። ከጎረቤት ፊት ስትከፈት ሰው የማታስደነግጥ፣ በሁለት እጅ ቀስ ተብላ የምትወጣ እንድትሆን የፈለግሁትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጨረሻ ቀይዋን የስዊስ ሰንጢ መረጥኩ፤ አትዘጋም፤ በድንጋያችን ትሳላለች፤ ለሚያያትም የሥራ ዕቃ እንጂ የጠብ ዕቃ አትመስልም። ከገንዘቡ የተረፈውን ግን በአጋሮ ገበያ ለአንድ ቀጥቃጭ ሰጥቼ፣ የማትታጠፍ፣ እጀታዋ ወይራ የሆነች አጭር የባሌስትራ ስለት አሠራሁ፤ ከጉቶ የሚወጣውን ትርፍ ቡቃያ ለማንሣት። ስሙን ይቀርጽበት ዘንድ ብጠይቀው ሳቀና ሁለት ፊደል አሳረፈበት። ከእርሷ ጋርም አንድ ጠርሙስ አልኮል ከፋርማሲ ገዛሁ።

አባቴ ሁለቱንም አገላብጠው አዩና «ዕድሜ ያለው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የጠየቁኝ ስለ ብረት እንዳልሆነ ገባኝ። ከአራት ወር በኋላ ዲግሪ ይሰጠኛል፤ የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ወዴት እንደሚወስድ አንባቢ ያውቃል፤ ወደ አዲስ አበባ ነው። በየቀኑ የሚያዝ ዕቃ መምረጥም የኋላ ኋላ ቀኑን ራሱን መምረጥ መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ። ለአባቴ ገና አልመለስኩላቸውም። ቀይዋ ሰንጢ የትም ብሄድ ትከተለኛለች። የቀጥቃጩ ስለት ግን በሽታ እንዳታሻግር ከማሳው አትወጣም፤ የሚሠራባት ሰው እርሷ ወዳለችበት መሄድ አለበት።