በጣርማ በር በኩል

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንጀቱን የታመመ ሰው ግን መንገዱን የሚቆጥረው አውቶቡሱ በሚቆምባቸው ቦታዎች ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ታናሽ ወንድማችንን ለሕክምና ይዘን ስንጓዝ በኮምቦልቻም በሸዋ ሮቢትም ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነበር። እኛ ሾፌሩን «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን» እያልን እንለምናለን። ከሚሴ ላይ ተሳፋሪው ቁርሱን ሲበላ እሱ ሻይ ብቻ ቀመሰ። ከበላ ሆዱ ተነፍቶ ይቆርጠዋል።

ቀደም ሲል የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ወስዷል። ሁለቱ በሽታዎች በጣም ይመሳሰላሉ። ኋላ ግን ክሮንስ መሆኑ ተነገረን። የትንሹ አንጀቱ መጨረሻ በጠባሳ ጠብቧል፤ መድኃኒት ቁስለቱን ቢያበርድም የደደረ ጠባሳ አይከፍትም። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ተባለ። እሱ ግን ለወራት «ቆይ፣ ትንሽ ልየው» ሲለን ከረመ።

ከደብረ ሲና አቀበቱን ወጥተን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ቀስ ብሎ፣ «ከሆዴ ላይ ከረጢት ካንጠለጠሉብኝ ሶፍ ውስጥ እንዴት እቆማለሁ?» አለን። የወራቱ «ቆይ» ትርጉም ይህ ኖሯል! መድረሳ ተቀምጠን የቀራነው ሁሉ ጠፋብንና ዝም አልን።

በማግስቱ ሐኪሙ አልሸነገሉንም። ቀዶ ጥገናው የጠበበውን ያነሳል እንጂ በሽታውን አይነቅልም፤ በተሰፋበት አካባቢ ሊመለስ ይችላል። ከረጢቱን በተመለከተ፣ ሰውነት ጠንክሮ በታቀደ ቀን ከተሠራ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ አንጀቱ ተዘግቶ ወይም ተበስቶ በድንገት ሲመጡ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። ወንድማችን በፍርሃት የሚሸሸውን ነገር በመዘግየቱ ወደ ራሱ ሲጎትት ነበር ማለት ነው። ሲጋራ በሽታውን እንደሚያብሰው ነግረውት «ታጨሳለህ?» ሲሉት እኛን ሰረቅ አድርጎ አየና «አልፎ አልፎ» አለ። እኛም ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

ዙህርን መርካቶ አንዋር መስጊድ ሰግደን አንድ ሸይኽ ጠየቅን። «ልጄ፣ የሚወጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ባለ ዑዝር ነው» አሉት። «ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርገህ ትሰግዳለህ፤ በመሀል የሚወጣው ሶላትህን አያበላሽም።» ወንድማችን እጃቸውን ሳመ።

ከሰዓት ተመልሰን ቀጠሮ አስያዘ፤ እስከዚያው እየበላ እንዲጠነክር ታዘዘ። ለእናታችን ደውለን ስንነግራት ስለ ቢላዋው አንድም ቃል አልጠየቀችም። «ለአጥሚቱ ስንት ኪሎ አጃ ይበቃዋል?» አለች።