«ቤንድሬ» እና «ቤንዴሬ»

ዛሬ ትንሽ ሰዋስው ላስተምራችሁ፤ ፈተና የለውም፣ አትፍሩ።

አጎቴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ናቸው። ያኔ በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ ተምረዋል። እሳቸውም ስፓኒሽ ይዘው ጨፋ ሮቢት ተመለሱ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ለኩባው የድሮ ጓደኛቸው በዋትሳፕ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ።

በቀደም ጓደኛቸው «ታምሜያለሁ» ብሎ ላከ። አጎቴ «እመጣለሁ በለው» አሉኝ። እኔም ስፓኒሽ ከሳቸው ስለለቃቀምኩ ደፈር ብዬ ሳልጠይቃቸው ጻፍኩና ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ምን ልትሸጥልኝ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በስፓኒሽ የወደፊት ጊዜ ቀላል ነው፤ ግሱን ሳትቆርጥ ወስደህ፣ «እኔ» ስትል መጨረሻው ላይ «ኤ» ትጨምራለህ። «አብላር» መናገር፣ «አብላሬ» እናገራለሁ። «ቤንዴር» መሸጥ፣ «ቤንዴሬ» እሸጣለሁ። ግን አሥራ ሁለት ያህል ግሶች እምቢ ይላሉ። መጨረሻቸው እንደሌሎቹ ነው፤ መሐላቸው ነው የሚለወጠው። «ዴሲር» ማለት፣ «ዲሬ» እላለሁ። «አሴር» ማድረግ፣ «አሬ» አደርጋለሁ። «ቤኒር» መምጣት ደግሞ «ቤኒሬ» አይሆንም፣ «ቤንድሬ» ነው። እኔ «ድ»ዋን «ዴ» አድርጌያት መምጣቱን ሽያጭ አደረግኩት።

አጎቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ።

«ለእናቴም እመጣለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት» አሉ ቆይተው። «መጣሁም። እሷ ግን አልቆየችኝም።»

«ላጥፋው እንዴ?» አልኳቸው።

«አታጥፋው። አስተካክለውና ‹ኦሃላ› ጨምርበት።»

«ኦሃላ» ስፓኒሾች ከአረብኛ የወሰዱት ቃል ነው፤ ሙስሊሞች አንዳሉስን ከገዙበት ዘመን የቀረ። የኛው «ኢንሻአላህ» የሥጋ ዘመድ በሉት። ጓደኛቸውም «ኦሃላ» ብሎ መለሰ፤ ሌላ ምንም አልጻፈም።

እኛ በአማርኛ «እመጣለሁ» ስንል የየቀኑም የነገም አንድ ነው፤ በኦሮምኛም «ናን ዹፋ» እንዲሁ። መምጣት አለመምጣታችንን ግሱ አይነግርም። ለዚህ ነው መሰለኝ የኛ አገር ሰው «ነገ» ብሎ ከጀመረ «አላህ ካለ» ሳይል የማይጨርሰው። እኔ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነውና ልትሰናበተኝ መጣች። ደብተሯን መለሰችልኝ። «ቲቸር፣ እመጣለሁ» አለችኝ።

ሁልጊዜ ጊዜ የማርመው ሰውዬ የማርመው ነገር አጣሁ። «ኢንሻአላህ» አልኳት።

መልካም ምሽት።