በእጅ የተሸመነ ኮርኒስ

ከሎዛን የመጣው ደብዳቤ በትሕትና ይጀምርና በትሕትና ያልቃል። ያቃጠለኝ መካከሉ ነው። «ጌታዬ፣ የሚሸጡት ኮርኒስ በፎቶግራፉ ላይ እጅግ ያምራል። ነገር ግን የምኖረው በኪራይ ቤት ስለሆነ፣ ኮርኒስ ለማስቀየር የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገኛል። ደግሞስ ‹ለሁለት ሰው ይበቃል፣ በእጅ ይታጠባል› ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

እኔ ኮርኒስ ሸጬ አላውቅም። የምሸጠው ጋቢ ነው። ሽሮ ሜዳ በእጅ የሚሸመን፣ ባለ አራት ድርብ፣ የአውሮፓን ክረምት የሚያስረሳ ጋቢ። ከ2017 ጀምሮ ፍራንክፈርት ተቀምጬ በኢንተርኔት እቸረችራለሁ። ታዲያ ኮርኒሱ ከየት መጣ? ታሪኩ ረዘም ይላል።

ጀርመን አገር «ጋቢ» የሴት ስም ነው፤ የጋብሪኤለ ማቆላመጫ። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን «በእጅ የተሠራች ጋቢ፣ ለስላሳና ሞቃት» ብዬ ብለጥፍ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደጎረፈልኝ እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሔቱ የጨዋ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን ትቼ በጀርመንኛ «ዴከ» አልኩት። ዴከ ብርድ ልብስ ነው። ዴከ ኮርኒስም ነው። ጀርመናዊ ሕፃን ሁለቱን ከንግግሩ ይለያቸዋል፤ የትርጉም ማሽኑ ግን አልለያቸውም።

ማሽኑን የጠራሁት በ2022 የጸደይ ወራት ስዊዘርላንድን ለመክፈት በተነሳሁ ጊዜ ነው። መቼም ሀብታም አገር አሻግሮ እያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው። ከፍራንክፈርት ባዝል በባቡር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ አንድ ሰው በወር የሚያገኘውን እዚህ ስንሰማ ምራቃችንን እንውጣለን። በዚያ ላይ ጀርመንኛ ይናገራሉ! (ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሞኝነቴን ማንም አልነገረኝም።) ከ100 ሰው 60 ያህሉ ጀርመንኛ፣ 23 ያህሉ ፈረንሳይኛ፣ 8 ያህሉ ጣሊያንኛ እንደሚናገር አንብቤ፣ የመጀመሪያውን «አለቀ»፣ የቀሩትን «ትንሽ ሥራ» ብዬ መዘገብኳቸው። አራተኛው፣ ሮማንሽ የሚባለው፣ ተናጋሪው ከመቶ አንድ ስለማይሞላ ከነጭራሹ አላሰብኩትም። እነሱ ግን በ1938 ድምፅ ሰጥተው ብሔራዊ ቋንቋ አድርገውታል። ለአንዱ ላለማድላት ሲሉ ቴምብራቸው ላይ እንኳን የአገራቸውን ስም በላቲን «ሄልቬቲያ» ብለው ነው የሚጽፉት። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ዘንድ ነው እንግዲህ እኔ ማታ ቡና እየተፈላ ማሽኑን ከፍቼ የተቀመጥኩት። በረካው ሳይቀዳ ሁለት ቋንቋ ጨምሬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ደወልኩ። «ጋሼ፣ 60 ጋቢ ያስፈልገኛል» አልኳቸው። ሸማኔው ዝም አሉ። ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ከ15 በላይ አዝዤ አላውቅም። ግማሹን ክፍያ ላክሁ፤ ግማሹን ለመስቀል ቃል ገባሁ። እሳቸውም ድርና ማግ በብድር ገዝተው፣ ሁለት የወንድማቸውን ልጆች ከጨንቻ አስመጥተው ሥራ ጀመሩ። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

ገበያው ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ከዙሪክ በኩል የመጣው ሰው ሁሉ ጋቢውን ይመርጥና፣ ሒሳብ መክፈያው ጋ ሲደርስ ጥሎ ይሄዳል። ለካስ የእነሱ ልማድ ዕቃው ቤት ከደረሰ በኋላ በመጣላቸው ደረሰኝ መክፈል ኖሯል። ልብ በሉ፣ በአውሮፓ ሀብታም ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሕዝብ በዱቤ ነው የሚገዛው! እኔ ደግሞ ያደግሁት «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞከር» የሚል ካርቶን በተሰቀለበት ሱቅ ደጃፍ ስለሆነ፣ የማላውቀው ሰው አስቀድሞ ካልከፈለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዱ ደንበኛ ደግሞ «ጽሕፈትዎ የጀርመን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ጀርመኖች ድርብ «ሰ»ን የሚጽፉባት አንዲት ለየት ያለች ፊደል አለች፤ ስዊሶች አይጠቀሙባትም። እንግዳ መሆኔን በዚያች በአንዲት ፊደል ለዩኝ።

ጉምሩኩስ? ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ቀረጧ በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በክብደቱ ነበር የሚታሰበው፤ የታሸገበት ካርቶን ሳይቀር አብሮ ይመዘናል። ነጠላ ብሸጥ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ የእኔ ግን ጋቢ ነው። በዚያ ላይ ዕቃውን የሚያደርሰው ድርጅት ጉምሩክ ላስጨረሰበት ከደንበኛው በር ላይ ይቀበላል። ሉጋኖ ያሉ አንድ አዛውንት በራቸውን ከፍተው ያላሰቡት ሒሳብ ቢቀርብላቸው፣ ጋቢውን ሳይነኩ መለሱት። ሲመለስ ደግሞ ጀርመን በበኩሏ ወረቀት ጠየቀችኝ። ያ አንድ ጋቢ ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል።

መስቀል ደረሰ። ከ60ው የተሸጠው 9 ነው። ደብዳቤዋ የመጣችውም በዚሁ ሰሞን ነው።

ሽሮ ሜዳ ለመደወል ሦስት ቀን ራሴን አስታመምኩ። ስደውል ሸማኔው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። «እነዚያ ሰዎች አይበርዳቸውም እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ይበርዳቸዋል አልኳቸው። ታዲያ? እኔም እፍረቴን ውጬ የኮርኒሱን ነገር አጫወትኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ ከጨንቻ የመጣሁ ጊዜ አማርኛ አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጥዬ መርካቶ ስዞር ‹ስንት ነው?› ይሉኛል። ጣቴን ቆጥሬ አሳያቸዋለሁ። አፌን ስከፍት ይስቃሉ፤ ስቀው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ዕቃዬ መጥፎ ሆኖ አልነበረም። አማርኛው ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን እየዞረ ፎጣና ነጠላ የሚሸጥ ሸማኔ ነበር። «ጋቢ» ማለቱን እየደገምን፣ ድምፁን እየቀዳን እስከ መንገዱ ዳር የምንሸኘው እኛ ነበርን። እናቴ አንድ ቀን በዚህ ምክንያት ገርፋኛለች፤ ለምን እንደሆነ ግን በወቅቱ አልገባኝም። ሰውየው ቋንቋችንን እየተማረ ብርድ ልብስ ሲያለብሰን፣ እኔ ደግሞ ዛሬ የሰው ቋንቋ በአንድ ቡና ላገባድድ ተነሳሁ።

ለሸማኔው የቀረባቸውን ገንዘብ ከባንክ ተበድሬ ላክሁ። 51 ጋቢ መኝታ ቤቴን ሞልቶ ከረመ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ለመውጣት ጋቢ እየረገጠች፣ «ዘንድሮስ ኮርኒሱ ወረደብን» ትል ነበር።

ከዚያ ለሎዛኗ ወይዘሮ አንድ ጋቢ በስጦታ ላክሁ፤ ቀረጡን አስቀድሜ ከፍዬ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛዬ ዋጋው «ካትር ቬን ዲስ» ፍራንክ ነው ስላቸው፣ «እኛ ጋ ‹ኖናንት› ነው የሚባለው» ብለው አረሙኝ። የፓሪስ ሰው ዘጠናን «አራት ሃያና አሥር» እያለ ሲደምር፣ የሎዛን ሰው በአጭሩ ዘጠና ብሎ ይገላገላል። ወይዘሮዋ ጽሑፌን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ጻፉት። «ጥንታዊ ጥበብ» ምናምን ያልኩትን ሁሉ ሰረዙብኝ። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሲታጠብ ይሸበሸባል ወይ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ የሸመነውስ ማን ነው የሚለውን ነው አሉኝ። ክፍያ ላስብላቸው ብል ሁለተኛ ጋቢ ጠየቁ።

ለጣሊያንኛው ቲቺኖ የምትኖር የአገራችንን ልጅ አገኘሁ። ገጹን ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እዚያም ማሽኑ «ሶፊቶ» ብሎ ኮርኒስ አድርጎታል። ያው ኮርኒስ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያኖች የወሰድነው ነው፤ እነሱ ግን ለሌላ ነገር ነው የሚሉት። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊስ መሐንዲስ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ሸዋ ዘልቆ፣ አማርኛ ተምሮ፣ የምኒልክ አማካሪ ሆኖ ኖሯል። እሱ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የሠራውን እኔ በሦስት ሰዓት ባቡር ለመሥራት ሰነፍኩ።

አሁን ዕቃው ቤታቸው ከደረሰ በኋላ በደረሰኝ እንዲከፍሉ ፈቅጃለሁ። የመጀመሪያውን ወር በፍርሃት ነው ያሳለፍኩት፤ እስከ ዛሬ የካደኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የፍራንክፈርት አድራሻ የነበረው ነው። ከጥር 2024 ጀምሮ ስዊዘርላንድ በኢንዱስትሪ ዕቃዎች ላይ የነበረውን ቀረጥ አንስታለች፤ ሚዛኑ ቀረልኝ፤ በመቶ 8.1 የሆነው የሽያጭ ግብር ግን አለ። 51ዱ ጋቢ ለማለቅ ሁለት ክረምት ፈጀ። ሀብታም አልሆንኩም። የባንኩን ዕዳ ግን ከፍያለሁ፤ አልጋችንም ተገኝቷል።

ባለፈው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ደውዬ 20 ጋቢ አዘዝኩ። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ ሸማኔው። አብዛኛው ወደ ጣሊያንኛ ተናጋሪዎቹ ነው አልኳቸው።

«ጋቢን ምን ይሉታል እነሱ?»

«ኮፔርታ።»

«ኮፔርታ» አሉ ቀስ ብለው። እንደገና «ኮፔርታ» አሉ። ከኋላቸው የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። «እና ጠርዙ ላይ ቀይ ነው የሚወዱት ሰማያዊ?»

እጠይቃለሁ አልኳቸው።